ድንኳኑና ዲኤስቲቪ ቤቱ፦ የአንድ አርሰናል ደጋፊ የፍጻሜ ሳምንት

ግንቦት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ማታ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 አለፍ ብሏል። ሶል ካምቤል የቲየሪ ሄንሪን ቅጣት ምት በግንባሩ ገጨና የባርሴሎና መረብ ውስጥ ከተተው። አርሰናል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረሰበት የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አንድ ለዜሮ መራ። እኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነን። ከሰባ አናንስም። ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ከአራት ሰው ሦስቱ የአርሰናል ልጅ ነው።

ማንም አልጮኸም።

ታላቅ ወንድሜ ከፊቴ ነበር። የማሊያውን አንገት ጎትቶ አፉ ውስጥ ከተተና ነከሰው። አጠገቡ ያለው ልጅ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ ደርቆ ቀረ። ሌላው ተንበርክኮ ሳጥኑን አቀፈ። የቴሌቪዥኑም ድምፅ ተዘግቷል። የሚሰማው ትንፋሽና የሳጥን መንኳኳት ብቻ ነው። ከቤቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ የለቅሶ ድንኳን ቆሞ ነበር።

ጨዋታውን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ሳምንቱን የሚያውቀው ግን የሰፈራችን ሰው ብቻ ነው። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወንድሜ ጸሐፊው አድርጎኝ ስለነበር ማን ቦታ እንደያዘ፣ ማን ከማን ጋር እንደተወራረደ፣ ማን እንዳልከፈለ በአንድ ባለመስመር ደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሩ እስካሁን አለ። ይህን የምጽፈው ከእሱና ከማስታውሰው ነው።

ሰውየው

ወንድሜ ያኔ 27 ዓመቱ ነው። ከፈረንሳይ በአራት ኪሎ ፒያሳ የሚሠራ ሚኒባስ ሹፌር። መኪናው የሰው ነው፤ ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። የፊት መስታወቱ ላይ ከላይ እመቤታችን፣ ከታች የአርሰናል ምልክት መድፉ። የኋላው ላይ ደግሞ «መድፈኞቹ» የሚል ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር። ትራፊክ ፖሊሶች ሳይቀሩ በዚያ ያውቁት ነበር።

አርሰናልን የያዘው በካኑ ነው። ናይጄሪያዊው በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቼልሲ ሜዳ ሄዶ፣ አርሰናል ሁለት ለዜሮ ተመርቶ እያለ፣ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ሦስት ጎል አገባ። ወንድሜ ያን ቀን ያየው ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በመስኮት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ክለብ አላየም። በ1996 ዓ.ም. አርሰናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲወስድማ፣ ተራ ላይ የሚችለው ጠፋ።

ሰፈራችን ፈረንሳይ ይባላል፣ በፈረንሳይ ኤምባሲ የተነሳ። ፍጻሜው ደግሞ ፓሪስ አጠገብ፣ ስታድ ደ ፍራንስ ነው። አሠልጣኙ ቬንገር ፈረንሳዊ፣ ሄንሪ ፈረንሳዊ፣ ፒሬስ ፈረንሳዊ። «እኛ እኮ በሜዳችን ነው የምንጫወተው» ይል ነበር ወንድሜ። የማንቼ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ልጆች ይኼን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል።

ከፋሲካ ማግስት

የፍጻሜው ሳምንት የጀመረው ከፍጻሜው ሳምንት በፊት ነው። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 15 ዋለ። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ማክሰኞ ማታ፣ አርሰናል ስፔን ሄዶ ከቪያሪያል ጋር ባዶ ለባዶ ወጣ። ሊያልቅ ሲል ሪኬልሜ ፍጹም ቅጣት ምት መታና የንስ ሌማን አዳነበት። ወንድሜ ቤት ሲገባ የተረፈውን ዶሮ ብቻውን ጨረሰው። እማዬ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ያን ጊዜ የአርሰናል ልጆች የተኩራሩት በግብ ጠባቂያቸው ነበር። ሪያል ማድሪድን፣ ጁቬንቱስን፣ ቪያሪያልን ሲጥሉ አንድ ጎል አልገባባቸውም። በውድድሩ አሥር ጨዋታ በተከታታይ መረባቸው አልተነካም። ይኼን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ሚያዝያ 29 እሑድ ሃይበሪ ስታዲየም የመጨረሻ ጨዋታውን አስተናገደ። አርሰናል ዊጋንን 4 ለ 2 አሸነፈ፣ ሄንሪ ሦስት አገባ። በዚያው ሰዓት ዌስትሃም ቶተንሃምን 2 ለ 1 ረታና አራተኛነቱ ለአርሰናል ሆነ። ስለዚህ ወንድሜ ለዌስትሃም የውለታ ዕዳ ነበረበት። ይህን ቃል የሚጠቀመው እሱ ነው፣ «ውለታ»።

ሁለት ቀን ቆይቶ ግንቦት ልደታ ሆነ። ሰፈርተኛው እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ቡና ተፈልቶ ነበር። ወንድሜ እማዬን «አርሰናልንም በጸሎትሽ አስቢልኝ» አላት።

«የፈረንጅ ኳስ ይዤ ማርያም ፊት አልቆምም» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ያ በረኛችሁ ስሙ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የአውሮፓ ፍጻሜ ግንቦት ላይ መዋሉ ለአበሻ ደጋፊ ትልቅ ዕድል ነው። በግንቦት አይጋባም፣ ስለዚህ ሰርግ የለም። ሚያዝያ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ሚዜ ከድግስ ይጠፋ ነበር። ለቅሶ ግን ወር አይመርጥም።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ግንቦት 5 የእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር፣ ሊቨርፑልና ዌስትሃም፣ ካርዲፍ ላይ። ወንድሜ ውለታውን ሊመልስ ለዌስትሃም ቆመ። ከሊቨርፑል ደጋፊ ጓደኛው ጋር አንድ ኪሎ ጥብስ ተወራረዱ። ዌስትሃም 3 ለ 2 እየመራ ሰዓቱ አለቀ። ዳኛው የጨመረው ደቂቃ ላይ ስቲቨን ጄራርድ ከሩቅ መታና ሦስት እኩል አደረጋት። በፍጹም ቅጣት ምት ሊቨርፑል በላ።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ። ጋሼ 1 ኪሎ ጥብስ ዕዳ።» ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው።

እሑድ ቦታ የመያዝ ቀን ነው። የዲኤስቲቪ ቤቱ መግቢያ በአዘቦት ቀን 3 ብር ነበር። ለፍጻሜው 10 ብር ሆነ። ባለቤቱ «ዋንጫ ነው፣ አትከራከሩኝ» አለ። ወንድሜ የስድስት ሰው አስቀድሞ ከፈለ፦ የእሱን፣ የኔን፣ የረዳቱን፣ የሁለት የልጅነት ጓደኞቹን፣ አንዱን ደግሞ ፊት ለፊታችን ለሚኖሩት አዛውንት ልጅ። ይህ ልጅ የወንድሜ እኩያ ነው፤ ካኑን በመስኮት ሲያዩ ትከሻውን ያዋሰው እሱ ነው።

ከባለንብረቱ ጋርም ተስማማ። ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ላይ መኪና ያቆማል፤ የጎደለውን ገቢ ማክሰኞ አምሽቶ ይሞላል። ሁሉም ነገር መልክ ያዘ።

ጥሩንባው

ሰኞ ንጋት ላይ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። አዛውንቱ እሑድ ሌሊት አርፈዋል።

ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸው ነበር። ታመው ቆይተዋል፣ ሞታቸው ዱብ ዕዳ አልነበረም። ግን የሰፈራችን ወንዶች ልጆች ሁሉ አንድ ጊዜ በከዘራቸው ተመትተናል፣ አንድ ጊዜ ከረሜላ ተገዝቶልናል። ወንድሜ መኪናውን ተራ ሳያስገባ ቀኑን ሙሉ ለቀስተኛ ሲያመላልስ ዋለ። አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። የሰኞ ገቢ ከኪሱ ሆነ።

ድንኳኑ የተተከለው ለጥ ያለው ቦታ ላይ ነው። ለጥ ያለው ቦታ ደግሞ በዚያ መንደር አንድ ነው፣ የዲኤስቲቪ ቤቱ ፊት ለፊት። የእድሩ አግዳሚ ወንበር አልበቃ ስላለ ባለቤቱ የራሱን ወንበሮች አዋሰ። ማንም አላስገደደውም። እሱም የእድሩ አባል ነው፣ እናቱ የሞቱ ጊዜ ያ ድንኳን ለእሱ ተተክሏል። ረቡዕ ማታ ሳጥን ላይ የተቀመጥነው ለዚህ ነው።

ሠልስቱ ረቡዕ ይውላል። ድንኳኑ በዚያው ቀን መነሳት ነበረበት። ግን ከጎጃም የሚመጡ ዘመዶች መንገድ ላይ ስለነበሩ እስከ ሐሙስ ጠዋት ይቆይ ተባለ። ይኼን ዜና ወንድሜ የሰማው ሰኞ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወተ ነው። ካርታውን ፊቱ ላይ ጋርዶ ወደኔ ዞረ። አንድም ቃል አልተናገረም።

ድርድሩ

ከጠቅላላው ሳምንት እኔን የሚገርመኝ ማክሰኞ ነው። ሰው ስለ ሌማን ቀይ ካርድ ያወራል፣ እኔ ስለ ማክሰኞ።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ሄዶ ማየት። ጨዋታው 3 ሰዓት ከ45 ላይ ይጀምራል፣ ሊያልቅ 6 ሰዓት ይጠጋል። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ወንድሜ መኪና አለው፣ ግን ለቅሶ ጥሎ በመኪና ኳስ ሊያይ ሄደ መባል የሚራገፍ ስም አይደለም። ሁለተኛው አለማየት። ይኼን ማንም ጮክ ብሎ አላለውም። ሦስተኛው የእድሩን ዳኛ መጠየቅ ነው።

ጥያቄውን ለማቅረብ ሦስት ሰው ተመረጠ፦ ወንድሜ፣ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤትና አንድ የማንቼ ደጋፊ። የማንቼው ለምን ገባ? ወንድሜ ነው የጠየቀው። «የአርሰናል ልጅ ብቻ ከሄደ የእብደት ይመስላል፣ ማንቼ ካለበት የሰፈር ጉዳይ ይሆናል» አለ። ከታክሲ ሹፌር ያልጠበቅሁት ብልጠት ነው። ማንቼው ለአርሰናል ፍጻሜ ሽማግሌ ሆኖ መሄዱን ለአምስት ዓመት ሲረግም ኖሯል።

የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ነገ ማታ አንድ ጨዋታ አለ…» ብሎ ጀመረ ወንድሜ።

«ሰምቻለሁ።»

«ቤቱ እንዳይከፈት ካሉ አይከፈትም። ባለቤቱም ይኸው ነው፣ እሺ ብሏል።»

ባለቤቱ አንገቱን ደፋ። በዓመት አንዴ የሚያገኘው ገበያ ነው የሚያወራው።

«ስንት ሰው ነው?»

«ስድሳ፣ ሰባ።»

ዳኛው ዝም አሉ። ጺማቸውን አሹ። «ሰባው ከዚህ ከሄደ ነገ ማታ እዚህ ማን ያመሻል? እኔና ሴቶቹ?»

ማንም አልመለሰም።

«እንግዲያው ስሙ። እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሁላችሁም እዚህ ቁጭ ትላላችሁ። ከዚያ ሄዳችሁ እዩ። እረፍት ሲሆን ተመለሱ። ሲያልቅ ተመለሱ። ድምፅ የሚባል ግን አልሰማም።»

«ጎል ቢገባስ?» አለ ማንቼው፣ ሳያስበው።

«ጎሉን የምታገባው አንተ ነህ?»

«አይ፣ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ምን አስጮኸህ?»

ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ዳኛው ደግ ነበሩ ይላል። ደግነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሂሳብ አዋቂ ነበሩ ነው የምለው። ቢከለክሉ ወጣቱ አንድ አንድ እያለ ጠፍቶ ድንኳኑ ባዶ ይቀራል። ኳሱን ፈቅደው ሰባ ለቀስተኛ አገኙ። ሌሊት ድንኳን የሚነቅል፣ ወንበር የሚሸከም፣ ከአውቶቡስ ተራ ዘመድ የሚያመጣ ጉልበት አላጡም። በእድሩ ደንብ ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል፣ ግን በቅጣት የመጣ ሰውና በስምምነት የመጣ ሰው አንድ አይደለም።

ማክሰኞ ማታ ባለቤቱ በካርቶን ላይ ጽፎ በር ላይ ለጠፈ፦ «ድምፅ ያሰማ ይወጣል። ብር አይመለስም።»

ረቡዕ

ረቡዕ ነው ግን አይጾምም፣ ሃምሳው ቀን አላለቀም። ለሠልስቱ በግ ታርዷል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ 1 ሰዓት ላይ መኪናውን አቆመ፣ ማሊያውን ለበሰ፣ ከላይ ጥቁር ሹራብ ደረበበት። ድንኳኑ ውስጥ ሹራብ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ማሊያ። ያን ማታ ይኼን ሹራብ ሦስት ጊዜ አውልቆ ሦስት ጊዜ ለብሶታል።

የሟቹ ልጅ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። የተከፈለለት ቦታ ባዶ እንዲቆይ ወንድሜ አዘዘ። ሰው ቆሞ እያየ አንዲት ሳጥን ባዶዋን ቀረች።

ጨዋታው ተጀመረ። ፓሪስ ይዘንባል። አርሰናል የለበሰው ቢጫ ነው፣ እኛ ቀይ። ገና በጅምሩ ሄንሪ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ የባርሳው በረኛ ቪክቶር ቫልዴስ መለሰበት። በ18ኛው ደቂቃ የባርሳው ሳሙኤል ኤቶ ብቻውን አመለጠ። ሌማን ከሳጥኑ ወጥቶ ጠለፈው። ኳሷ ዡሊ ጋ ደርሳ መረብ ውስጥ ገባች፣ ኖርዌያዊው ዳኛ ቴርዬ ሃውገ ግን አስቀድሞ ነፍቷል። ጎል የለም። ለበረኛው ቀይ ካርድ።

በሌላ ቀን ቢሆን ያ ቤት ጣሪያው ይነሳ ነበር። ያን ማታ ክርክሩ በሹክሹክታና በጣት ሆነ። አንዱ ሁለት ጣቱን ያጋጫል፣ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚለው አንድ ነው፦ ጎሉን አጽድቆ ሌማንን በቢጫ ቢያልፈው ይሻል ነበር። አንድ ለዜሮ ተመርቶ በ11 ሰው 72 ደቂቃ መጫወት፣ ባዶ ለባዶ ሆኖ በ10 ሰው ከመጫወት ይሻላል። ልክ ይመስለኛል። ቬንገር ተቀያሪውን በረኛ አልሙኒያን ለማስገባት ፒሬስን አወጣ። ፒሬስ ቁጥሩን ሲያይ የሠራው ፊት ትዝ ይለኛል። በአርሰናል ማሊያ የመጨረሻ ጨዋታው ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በ37ኛው ካምቤል አገባ። ያን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ባለቤቱ በር ከፍቶ ወደ ድንኳኑ እንዳየ ነው። ተመልሶ አውራ ጣቱን አሳየን። አልተሰማም።

እረፍት ላይ ሹራብ ለብሰን ድንኳን ገባን። ወንድሜ ሻይ ይዞ ለቀስተኛውን አደለ። የሟቹ ልጅ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ልጁ ቀና ሳይል፣ ብርጭቆውን እየተቀበለ፣ «ስንት ናቸው?» አለ።

«አንድ ለዜሮ እየመራን ነው። በ10 ሰው።»

«ማን ተባረረ?»

«ሌማን።»

ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ ልጃቸው ያለቀሰ መስሏቸው ትከሻውን ዳበሱት። ወንድሜ ትሪውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።

ሁለተኛው አጋማሽ ረጅም ነበር። ሰባ ደቂቃ ገደማ ሄንሪ ከቫልዴስ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ፤ ሁለት ለዜሮ ማለት ነው። ደክሞታል፣ በጎን ለስለስ አድርጎ መታት፣ ቫልዴስ ያዛት። ወንድሜ «በቃ» አለ። ቃሉን ሰው ሁሉ ሰማው፣ ማንም አላስወጣውም። ባለቤቱም አልሰማሁም አለ።

በ76ኛው ላርሰን ነካ አደረገለትና ኤቶ አገባ። ከጨዋታ ውጪ ነበር አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ አላለቀም። አራት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ላርሰን ሰጠ፣ ተቀይሮ የገባው ቤሌቲ በአልሙኒያ እግሮች መሀል አሾለካት። ሁለት ለአንድ። አሥር ጨዋታ ያልተደፈረ መረብ በአራት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ተደፈረ።

አንድ ነገር ልመስክር። ማንቼው ያን ማታ ለባርሳ ነበር፣ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ብድግ አለ፣ አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ወደ ጓሮ ሮጠ። እዚያ ብቻውን ሲዘል በመስኮት አየሁት። ሲጨርስ ፊቱን አጨማዶ ተመልሶ ተቀመጠ።

አልቆ ወጣን። ሹራብ ለበስን። ከጎጃም የመጡት ዘመዶች በጨዋታው መሀል ደርሰው ድንኳኑ ሞልቷል። ወንድሜ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ። ድምፅ የለውም፣ እንባው ግን ይወርዳል።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት የገጠር እናት አዩት። አያውቁትም። ተነስተው አጠገቡ ሄደው ተቀመጡና ራሱን ደረታቸው ላይ አስደገፉት። «አይዞህ የኔ ልጅ። ምንህ ናቸው? አባትህ ናቸው?»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፣ አይ ለማለት ይሁን አዎ ለማለት አልገባኝም። «እግዜር ያጽናህ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ» አሉት። የእድሩ ዳኛ ከበሩ ሆነው ያያሉ። አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በኋላ ጠየቅሁት። ለአርሰናል ነው ለአባባ ያለቀስከው? «በአርሰናል ጀመርኩት፣ ሴትዮዋ ሲይዙኝ ግን ከዘራቸው ትዝ አለኝ» አለኝ።

ሂሳቡ

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ተነቀለ። ወንበሮቹ ተመለሱ። ድንኳኑ ከመነሳቱ ብሽሽቁ ተጀመረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጠራቅሞ ኖሯል። ታክሲ ተራው ላይ አንዱ ሹፌር የእጅ ጓንት መስታወቱ ላይ ሰቅሎ መጣ። ሌላው ረዳት «አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ አሥር ሰው! አሥር ሰው ብቻ!» እያለ ጮኸ። ማንቼው ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እማዬ ጋ መጣና «ለቅሶ ልደርስ ነው» አላት። እማዬ ዳቦውን ተቀብላ ቆረሰችው። ለሱ ግን አልሰጠችውም።

ደብተሩ ላይ የወንድሜ ሳምንት እንዲህ ወጥቷል፦ የስድስት ሰው መግቢያ 60 ብር፣ የሰኞ ሙሉ ገቢ፣ የረቡዕ ግማሽ ገቢ፣ አንድ ኪሎ ጥብስ። ከታች በእርሳስ፣ በሱ እጅ ጽሑፍ፣ «ሌማን» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ዓርብ ማታ ሄንሪ ከአርሰናል እንደማይለቅ ተሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ባርሳ ሊሄድ ነው ሲባል ነበር። ወንድሜ ዜናውን ከመኪናው ሬዲዮ ሰምቶ አስፋልት መሀል ቆመ። ተሳፋሪ ሰደበው። ማታ ለእማዬ ሲነግራት፣ «እሱማ የት ይሄዳል፣ እንደናንተ ሞኝ ከየት ያገኛል» አለች።

ቅዳሜ ሊቨርፑሉ ጥብሱን ጠየቀ። ዕዳ ዕዳ ነው። ወንድሜ ግን «ለቅሶ ቤት እንብላው» አለ። የሟቹ ልጅ ከቤት አልወጣም፣ እናቱ እትዬም ምግብ እምቢ ብለዋል። ሊቨርፑሉ ተስማማ። ሥጋው ተገዛ፣ እማዬ ጠበሰችው፣ በድስት ተሸክመን ሄድን። ማንቼውም መጣ፣ ማንም ሳይጠራው።

ተቀመጥን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘመዶቹ ወሬ ተወራ። ዝምታ ሆነ። የሟቹ ልጅ ወንድሜን «እስቲ ንገረኝ፣ ከመጀመሪያው» አለው።

ወንድሜ ነገረው። የሄንሪን ሁለት ሙከራ፣ ዝናቡን፣ የኤቶን ማምለጥ፣ የሌማንን እጅ፣ የፒሬስን ፊት። ተነስቶ ቆሞ ነው የሚያወራው። ኤቡዌ ወደቀ፣ ዳኛው ቅጣት ምት ሰጠ። ሄንሪ ኳሷን አስቀመጠ። አሻገረ። ካምቤል ከሁሉም በላይ ዘለለ፣ እናም ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬን አየ።

እትዬ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ጩኸው እንግዲህ» አሉት። «ድንኳኑም ተነስቷል።»

ጮኸ። ከጓሮ ውሻ ተነሳ፣ የጎረቤት በር ተከፈተ፣ እትዬ ጆሯቸውን ያዙ፣ ልጁ ሳቀ። ወንድሜ ተቀመጠና እንጀራ ቆረሰ።

«ከዚያስ?» አለ ልጁ።

«ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለው።